ለሐኪሜ ያልነገርኩት ሰባት ቀን

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደብረ ብርሃን የምኖር የ28 ዓመት መምህርት ነኝ። ልጅ እያለሁ ጉሮሮዬን ደጋግሞ ያመኝ፣ መገጣጠሚያዬም ያብጥ ነበር። ቶንሲል ነው ተብሎ ታለፈ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ስመረመር የልቤ ቫልቭ ከዚያ የጉሮሮ ሕመም በመጣ፣ ሩማቲክ በሚባል የልብ ሕመም ተጎድቷል ተባለ። ስምንት ዓመት በኪኒንና ሕመሙ እንዳያገረሽ በየወሩ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ቆይቼ ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ውስጥ ደረቴ ተከፍቶ የግራው ቫልቭ በሰው ሠራሽ ተቀየረልኝ። የከፈለችልኝ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ናት። የስንት ዓመት ላቧ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። እስከ ጥር መጨረሻ ደረቴ ድኖ፣ ትንፋሼ ተመልሶ፣ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመጣ ነበር። ችግሩ የመጣው በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ነው። አማቴ የማከብራቸው፣ እኔንም እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ ሰው ናቸው። አንድ ጎረቤት ደሜ ቫልቩ ላይ እንዳይረጋ በየቀኑ የምውጠውን ዋርፋሪን «የአይጥ መርዝ እኮ ነው» ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም ደንግጠው «ልጄ፣ ልብሽን እግዚአብሔር ጠግኖልሻል፤ መርዙን ተዪውና ጠበል እንግባ» አሉኝ። ለአንድ ሱባኤ አብሬያቸው ሄድኩ። ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሰባት ቀን ሙሉ ግን አልዋጥኩም። ከተመለስን በኋላ ጀመርኩት። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ከግራ እጄ ወደቀ፤ ልናገር ስል ምላሴ ተሳሰረ።

ሆስፒታል ስደርስ ስትሮክ ነው አሉኝ። አይኤንአር የሚሉት የደም መርጋት ምርመራ 1.2 ሆኖ ተገኘ፤ ለእኔ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል። ኪኒን በዋጥኩ ቁጥር የራይት ምልክት የማደርግበት ደብተር አለኝ። ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት፣ አልጋ ላይ ሆኜ፣ በደህናው እጄ የሰባቱን ቀን ባዶ ቦታ ሞላሁት። «በትክክል ትወስጃለሽ?» ሲለኝም «አዎ» አልኩ። ትንሽ ቀደም ብሎ አንዲት ነርስ ከጎኔ ያለችውን ታካሚ «በራስሽ ሕይወት ትቀልጃለሽ?» እያለች ስትጮህባት ሰምቼ ነበር። ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ «እንግዲያው መጠኑ አልበቃሽም» አለና በቀን ከአንድ ኪኒን ወደ አንድ ተኩል አሳደገልኝ።

አሁን ከሁለት ጣቶቼ በቀር እጄ ተመልሷል። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፤ ሳልመታ ጭኔ ይበልዛል፤ የወር አበባዬም ዘጠኝ ቀን ቆየ። የግንቦት ቀጠሮዬን በፈተና ምክንያት አልሄድኩም። ባለቤቴ ስትሮኩ በሐኪሞቹ ስህተት የመጣ መስሎት ሊከሳቸው ያስባል። እህቴ በየሳምንቱ «ደህና ነሽ አይደል?» ትለኛለች፤ ስለ ስትሮኩ አታውቅም። ሌሊት ልቤ እንደ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ስትል እሰማታለሁ። ባለቤቴ ትራሱን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ካየሁ በኋላ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀምሬያለሁ። እዚያ ተቀምጬ የማለቅስበት ሌሊት ብዙ ነው። ልጅ መውለድም እንፈልጋለን፤ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

እውነቱን ብናገር ባለቤቴንም፣ አማቴንም፣ የእህቴንም ፊት የማጣ ይመስለኛል። ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት «ዛሬውኑ አይኤንአር ተለኪ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ» የሚል አጭር መልእክት ልኬልሻለሁ። በአንቺ ቦታ ያሉ ሌሎች ሰዎችም ይህን ስለሚያነቡ እዚህም ልድገመው። ድድ መድማት፣ ሳይመቱ መበለዝና የወር አበባ መብዛት አንድ ላይ ሲመጡ ደሙ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጠው ምርመራው ብቻ ነው። በግምት ግማሿን ኪኒን አትቀንሺ፤ ጨርሰሽም አታቁሚ። ወደ ክትትል ክፍሉ ደውዪና የታየሽን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ማታ ምን ያህል እንደምትውጪ እነሱ ይወስኑ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንትሽ ደም ከመሰለ፣ ደም ካስመለሰሽ፣ ነስር አልቆም ካለ፣ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ፣ ከዚህ በፊት የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት ከጀመረሽ፣ ወይም እጅሽና ምላስሽ እንደገና ከከዱሽ ግን ደውለሽ መልስ አትጠብቂ። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢና ከሁሉ አስቀድመሽ «ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለኝ፣ ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በያቸው።

አሁን ወደ ሰባቱ ቀን ልምጣ። አንቺ ይህን ምስጢር የትዳርና የይሉኝታ ጉዳይ አድርገሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ሳነበው ቀድሞ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ፊት የቀረበው 1.2 የሚል ቁጥርና አንድም ቀን ያልጎደለበት ደብተር ነው። በየቀኑ የምትውጥ ሴት ቁጥሯ ይህን ያህል ከወረደ መጠኑ አልበቃትም ማለት ነው፤ ስለዚህ ጨመረልሽ። ባየው ነገር ላይ ተመሥርቶ ትክክል ሠርቷል። ነገር ግን ቁጥሩን ያወረደው የመጠኑ ማነስ ሳይሆን ያልተዋጡት ሰባት ኪኒኖች ከሆኑ፣ አንቺ ከመጋቢት ጀምሮ ላልነበረብሽ ችግር የታዘዘ ተጨማሪ ግማሽ ኪኒን እየዋጥሽ ነው። አሁን ድድሽን የሚያደማው ያ ደብተር ሊሆን ይችላል።

እስቲ አንድ ነገር አስታውሺልኝ። ከጾሙ በፊት፣ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት፣ በቀን አንድ ኪኒን እየወሰድሽ ስትለኪ ቁጥሩ ስንት ነበር? ወረቀቶቹ እጅሽ ላይ ካሉ አውጥተሽ እያቸው። ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ይመላለስ ከነበረ፣ አንድ ኪኒን ይበቃሽ እንደነበር ጥሩ ፍንጭ ነው። ይህን ግን አንቺና እኔ አንፈርድም፤ ሐኪሙ ይፍረድ። እሱ ደግሞ መፍረድ የሚችለው ስለ ሰባቱ ቀን ሲያውቅ ብቻ ነው። ሌላም አለ። «መድኃኒቱን ሳታጓድል ወስዳ ደሟ ረጋ» ብሎ እስካመነ ድረስ ቫልቩን ራሱን ሊጠረጥር፣ በላዩ አስፕሪን ሊጨምርብሽ ይችላል። ድዷ በሚደማ ሴት ላይ አስፕሪን ሲጨመር ምን እንደሚከተል አስቢው። ስለዚህ ከሁሉ ሰው በፊት እውነቱን መስማት ያለበት ሐኪምሽ ነው። ባለቤትሽም፣ አማትሽም፣ እህትሽም ጥቂት ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። እሱ ግን አይቆይም።

ስለ ውሸትሽ አልፈርድብሽም። እኔ ራሴ ብዙ ዓመት የልብ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበርኩ፤ ያቺ ነርስ የጮኸችውን ዓይነት ጩኸት እኔም በታካሚ ላይ ጮኼ አውቃለሁ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ከመከፈቱ በፊት ይህን ቀዶ ሕክምና ለማግኘት አብዛኛው ሰው ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ወረፋ ሲጠብቁ ያረፉ ወጣቶችን አስታምሜያለሁ። ያን ሁሉ አልፎ ቫልቭ ያገኘ ሰው ኪኒኑን ሲተው ሳይ እንደ እብድ ያደርገኝ ነበር። ቁጣው ከፍቅር ቢመጣም ውጤቱ ግን አንቺ የጻፍሽልኝ ነው፤ ታካሚው መድኃኒቱን ሳይሆን እውነቱን መዋጥ ይማራል። አንድ ወጣት ነበረ፣ ኪኒኑን ሳምንቱን ሙሉ ትቶ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ብቻ እየዋጠ የሚመጣ። እኛ ቁጥሩ ለምን እንደሚዋዥቅ ግራ ገብቶን መጠኑን ስንጨምር፣ ስንቀንስ ከረምን። አንድ ቀን እናቱ ኮሪደር ላይ ነገረችኝ። ያን ዕለት ወጣቱን ምንም አላልኩትም፤ አጠገቡ ተቀምጬ «የትኛው ቀን ይከብድሃል?» ብቻ አልኩት። በየትኛውም ቁጣ ያላገኘሁትን መልስ በዚያች ጥያቄ አገኘሁ። በዚያች ነርስ ፈንታ እኔ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሐኪሙ ክፍል ስትገቢ ቃል ይጠፋሽ ይሆናልና ይህን በወረቀት ገልብጠሽ ያዢው፦ «ዶክተር፣ በመጋቢት ስትሮክ ከመምታቱ በፊት ሰባት ቀን ዋርፋሪን አልወሰድኩም ነበር። ፈርቼ ደብተሩን ሞላሁት። አሁን አንድ ተኩል እየወሰድኩ ድዴ ይደማል። መጠኑ እንደገና እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ።» ይኸው ነው። ማልቀስ ቢመጣብሽ አልቅሺ፤ ወረቀቱን ለእሱ ስጪው። ባለቤትሽ አብሮሽ ከገባና ገና ካልነገርሽው «ለብቻዬ ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ» ማለት መብትሽ ነው። ሐኪሙ ሊቆጣ ይችላል? ይችላል። ቁጣው አምስት ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺን ራስሽን ያክማል።

ወደ አማትሽና ወደ አይጡ መርዝ ልሂድ። ጎረቤቱ አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ነገሩ የጀመረው በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደም እየፈሰሳቸው ሲሞቱ ነው። ከዚያ ድርቆሽ የተገኘውን ነገር ተመራማሪዎች አጥንተው ዋርፋሪንን ሠሩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው ይኸው መድኃኒት ተሰጣቸው። አይጧን የሚገድላት ሳይለካ መብላቷ ነው። አንቺን የሚጠብቅሽ ደግሞ ቁጥሩ እየታየ በልክ መሰጠቱ ነው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ጠባዩ ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ የረጋች ቅንጣት ደግሞ ተነሥታ ወደ አንጎል ልትሄድ ትችላለች። ብርጭቆው ከእጅሽ የወደቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ምርመራ አያስፈልጋቸውም ብሎ የሚመክርሽ ሰውም አይጠፋም። እንደ አንቺ ላለው፣ ሜካኒካል ለሚባለው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ግን አይሆኑም፤ ዳቢጋትራን የተባለው ተሞክሮ ስትሮኩም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል።

ጠበሉን ማንም አይከልክልሽ። እኔም የምጠመቅ ሴት ነኝ። ነገር ግን ጠበል ኪኒን አስቁሞ አያውቅም፤ የሚያስቆመው ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ይኸው ጥያቄ ሲነሣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ አስተምረዋል። አማትሽን ፊት ለፊት ከመሞገት ይልቅ የነፍስ አባታችሁን ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። የደረሰብሽን ንገሪያቸውና ቤት መጥተው ከአማትሽ ጋር እንዲነጋገሩ ጠይቂያቸው። እኔ እንደሚመስለኝ አማትሽ እውነቱን ሲሰሙ አንቺን ሳይሆን ራሳቸውን ይከሳሉ። ያን ጊዜ የአንቺ ማጽናናት ያስፈልጋቸዋል። ምናልባት አንድ ሥራ ብትሰጪያቸው ይቀልላቸው ይሆናል፦ ማታ ማታ «ልጄ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?» እያሉ እንዲያስታውሱሽ።

ባለቤትሽ ግን በቶሎ መስማት አለበት፤ ከሐኪሙ ቀጥሎ እሱ ነው። ይህ ሰው ሚስቱን ስለሚወድ ቁጣውን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈልጎ ሐኪሞቹ ላይ አሳርፎታል። ክሱን ከጀመረ መዝገብ ይወጣል፣ ደብተሩ ይታያል፣ አንቺም በሰው ፊት ወይ ትዋሻለሽ ወይ ትጋለጫለሽ። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ከአንቺ አፍ ቢሰማው አይሻልም? ደግሞ ልጠይቅሽ፤ የምትፈሪው ምኑን ነው? መዋሸትሽን? ወይስ እናቱን የከሰስሽ እንዳይመስለው? ሁለተኛው ከሆነ ስትነግሪው «እናትህ አስቆሙኝ» አትበዪው። «ፈራሁ፤ ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ አልዋጥኩም፤ ከዚያ ደብተሩን ሞላሁ» በይው። እውነቱም እሱ ነው። ሊያዝንብሽ፣ ጥቂት ቀን ዝም ሊልሽ ይችላል። ጊዜ ስጪው።

ያን ዕለት ስለ ትራሱም ጠይቂው። እውነት ድምፁን ሽሽት ነው ያደረገው? ወይስ እንደ ብዙ ሰው ትራስ አቅፎ የሚተኛ ነው? አንቺ አይተሽ ደመደምሽ እንጂ አልጠየቅሽውም። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው የቫልቩ ክንፎች ሲዘጉ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸጥ ባለ ሌሊት ጎልቶ ይሰማል፤ ብዙዎች ከጊዜ በኋላ ይለምዱታል። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈት፣ በቀኝ ጎን መተኛት፣ ከፍራሹ ላይ ወፈር ያለ ብርድ ልብስ ማንጠፍ የረዳቸው አሉ። ድምፁን ለይተሽ ማወቅሽ ደግሞ ይጠቅምሻል። አንድ ቀን ድምፁ ከታፈነ ወይም ከጠፋ፣ በተለይ ትንፋሽ እያጠረሽ ከሆነ፣ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነሽ። ባለቤትሽም ይህን ይወቅ፤ አጠገብሽ ተኝቶ አብሮሽ ሊያዳምጥ የሚችለው እሱ ነው። ሶፋውን ተዪው።

እህትሽን በሚመለከት፣ ቁጥርሽ እስኪስተካከል ብትቆዪ አልቃወምሽም። ስትነግሪያት ግን ከቫልቩ ጀምሪ፦ እየሠራ እንደሆነ፣ ደረጃ መውጣት እንደቻልሽ፣ ክፍል ገብተሽ እንደምታስተምሪ። የገዛችልሽ ነገር አልባከነም። ከዚያ ስትሮኩን፣ ከዚያ ሰባቱን ቀን። በሰው አገር ሆና በየሳምንቱ «ደህና ነሽ አይደል?» የምትል ሴት ድምፅሽ ላይ የሆነ ነገር ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም።

ስለ ሌሊቱ ልቅሶ ሐኪሙን ሳትነግሪው አትውጪ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላም፣ ከስትሮክ በኋላም ድባቴ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ የምስጋና ቢስነት ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ይታከማል። እንቅልፍ ካጣሽ፣ የምትወጂው ነገር ካስጠላሽ፣ መኖር ከንቱ ከመሰለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ይህ የመጨረሻው ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያን ዕለቱን ለቤተሰብና ለሐኪም ንገሪ። ለድባቴ መድኃኒት የሚያዝልሽም ሰው ዋርፋሪን እንደምትወስጂ ይወቅ፤ አንዳንዶቹ መድማትን ይጨምራሉ። በእርግጥ ይህ ለማንኛውም ኪኒን ይሠራል። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትዋጪ። ለሆድ ሕመም በቀላሉ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞልና ባክትሪም የሚባለው ቁጥሩን ሽቅብ ይነዱታል። የወር መርፌሽ ከቀጠለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቭ ከተቀየረም በኋላ ይቀጥላል፣ ቁጥርሽ ከፍ ያለ ሰሞን ጡንቻ ላይ ሊደማ ስለሚችል ለምትወጋሽ ነርስ ቀድመሽ ንገሪያት።

ስለ ምግብ አልጻፍሽልኝም፤ ግን የሰኔ ጾም ላይ ስለሆንን ልጨምር። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ እሱ ደግሞ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። በፍስክ ጎመን በሳምንት አንዴ፣ በጾም በየቀኑ የምትበዪ ከሆነ በዐቢይ ጾምም ቁጥሩን ጎትቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው። ጎመን አትተዪ። ዓመቱን ሙሉ በሳምንት የምትበዪው መጠን ተቀራራቢ ይሁን፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ልኬት ይኑርሽ። መፋቂያ የምትጠቀሚ ከሆነ ለጊዜው በለስላሳ ብሩሽ ተኪው። ድድሽ ደማ ብለሽ ግን ጥርስሽን ሳታጸጂ አትደሪ፤ የአፍ ተሕዋስያን ወደ ደም ገብተው ቫልቩ ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ጥርስ ከመነቀልሽም በፊት የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አለ። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከያዘሽ ደግሞ በራስሽ መድኃኒት አትጀምሪ፤ ቀድሞ ደምሽ ተወስዶ ይመርመር።

ሁለቱ ጣቶችሽ ገና ተስፋ አላቸው። ፊዚዮቴራፒ ካገኘሽ ጥሩ፤ ካላገኘሽም በየቀኑ ሩብ ሰዓት በግራ እጅሽ ምስር ልቀሚ፣ ቁልፍ ቆልፊና ፍቺ። ይህን ለታካሚዎቼ እሰጥ ነበር፤ ጠዋት የጀመሩትን ሰሃን ማታ ሲጨርሱ ደስ የሚላቸው ነገር ነበረው።

ልጅን በተመለከተ አትቸኩዪብኝ፤ ልብሽ ውስጥ ያለውን ጥያቄ የምመልስልሽ በጥንቃቄ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ይዘው የወለዱ ሴቶች አሉ። እርግዝናው ግን ለእናትም ለፅንስም ከባድ ከሚባሉት ነው። እርግዝና ደምን በራሱ የበለጠ እንዲረጋ ያደርገዋል። ዋርፋሪን ደግሞ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ በመድኃኒቱ መጠን ይወሰናል። ከ5 ሚሊ ግራም በማይበልጥ መጠን ላይ ላለች ሴት አደጋው ዝቅ ይላል። እንግዲህ ኪኒንሽ ባለ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ፣ አንድ ኪኒን ይበቃሽ ነበር ወይስ አንድ ተኩል ያስፈልግሻል የሚለው ጥያቄ እዚህም ደረሰ። ሄፓሪን በሚባል ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌ መተካት አለ፤ እሱም ለቫልቩ የራሱ ስጋት አለው፣ ክትትሉም ጥብቅ ነው። ስለዚህ ከማርገዝሽ በፊት የልብ ሐኪምና የማኅፀን ሐኪም አብረው ያነጋግሯችሁ፤ ባለቤትሽም ወንበር ስቦ ይቀመጥ። እስከዚያ ግን መከላከያ ያስፈልግሻል። ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ስትሮክ ለነካት ሴት አይሆንም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ሊስማማሽ ይችላልና ጠይቂ። ወር አበባሽ ከዘገየ ወዲያው ተመርመሪ። እርግዝና ቢገኝ እንኳን ፈርተሽ ዋርፋሪኑን በራስሽ አታቁሚ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ድረሺ። አስቀድሞ «አይሆንም» የሚል መልስ ብታገኙስ? እሱን ሐዘን ለብቻሽ ሶፋ ላይ አትሸከሚው። ያን ጊዜ እንደገና ጻፊልኝ፤ ስለ እሱ ብቻ እንነጋገራለን።

ሥራሽንና ርቀቱን አላነሣሽም፤ የግንቦት ቀጠሮሽ የቀረው ግን በእሱ ይመስለኛል። ለአንድ የደም ልኬት 130 ኪሎ ሜትር መመላለስ መምህርትን ይሰብራል። በከተማሽ አይኤንአር የሚሠራ ሆስፒታል ወይም ላቦራቶሪ ካለ እዚያ ተለክተሽ ቁጥሩን ለአዲስ አበባው ክትትል በስልክ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ መለካቱ ይመረጣል። ርእሰ መምህሩም የሕመምሽን ዝርዝር ማወቅ የለበትም፤ በወር አንድ ጠዋት እንደሚያስፈልግሽ ይወቅ።

ደብተርሽን ደግሞ አትቅደጂው፤ አዲስም አትግዢ። የመጋቢትን ገጽ ገልጠሽ በሰባቱ ራይት ላይ አንድ አንድ መስመር አስምሪ፤ ከጎናቸው «አልዋጥኩም» ብለሽ ጻፊና እንደተገለጠ ለሐኪሙ ስጪው። ቁጥሩ ስንት ሆኖ እንደመጣ ንገሪኝ፤ እጠብቃለሁ።